ያጨበጨብኩበት ስብሰባ

ሰው ሲያጨበጭብ እጄን ኪሴ እከታለሁ። ሠርግ ይሁን ምረቃ፣ ለእኔ ልዩነት የለውም። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን በክርኗ ትጎስመኝ ነበር፤ አሁን ትታኛለች። «ምን ሆነው ነው?» ብሎ ለሚጠይቃት ሁሉ «እጁን ያመዋል» ትላለች። አልዋሸችም።

ጣጣው የመጣው በኳስ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የስፖርት አስተማሪ ነኝ፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። የሰፈራችንን ክለብ ተስፋ ቡድን፣ ማለትም አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች፣ ለአሥራ አንድ ዓመት አሰልጥኛለሁ። ሜዳችን ከአብነት ወረድ ብሎ ነበር። በአንድ ወገን ግንባታ መጥቶ በቆርቆሮ አጠረና የቀኙን ማዕዘን ቆርሶ ወሰደብን፤ ስለዚህ የማዕዘን ምት የምንለማመደው ከግራ ብቻ ሆነ። ልጆቼ ከግራ የሚሻገር ኳስ ላይ ሰው የማያስጠጉት በዚህ ምክንያት ነው ብል አትሳቁብኝ። ያልሰጡንን ሜዳ ትተን በሰጡን ነው የተጫወትነው።

ከልጆቹ መሃል አንድ ግራኝ ነበር። እናቱ አብነት ውስጥ በአንዲት የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው እጄ የገባው። ኳስ ሲያቀብል ቀና ብሎ አያይም፤ ቀድሞ አይቶ ጨርሷል። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ እኔም አላስተማርኩትም። የእኔ ሥራ የነበረው እንዳይበላሽ መጠበቅ ብቻ ነው፣ እሱንም አልቻልኩበትም።

ልጁ አሥራ ሰባት ዓመት በሆነው ጊዜ ዋናው ቡድናችን ወራጅ ቀጠና ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። እስከ ሰባኛው ደቂቃ እንመራለን፤ ከዚያ አንድ ጎል ሲቆጠርብን ተጫዋቾቻችን እርስ በርስ መጯጯህ ይጀምራሉ፤ እየተጯጯሁ ሳለ ሁለተኛው ይገባል። በየሳምንቱ ይኸው ነው። የሰፈሩ ሰው ሻይ ቤት ተቀምጦ ለሁለት ተከፍሎ ይሟገታል፤ ግማሹ «ልምድ ያለው ተጫዋች ይምጣ» ይላል፣ ግማሹ «ልጆቹን አስገቡ» ይላል። ሁለቱም ወገን ሜዳ መጥቶ ኳስ አያይም።

የክለባችን ሊቀመንበር ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ስጽፍ ያናድደኛል፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ክለቡ ማሊያ ሲያጣ ማሊያ ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ተጫዋች ሲሰበር ሐኪም ቤት ወስደው ወረፋ የሚጠብቁትም እሳቸው ናቸው። ግን ሰውንም እንደ ሱቃቸው ዕቃ ነው የሚያዩት፤ የጎደለ ካለ ከሌላ ተፈትቶ ይገጠማል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ መጡና ከሜዳው ዳር ጎትተው አወጡኝ።

«አሰልጣኝ፣ ከላይኛው ሊግ አንድ ክለብ ሁለት ነባር ተጫዋቾች ሊሰጠን ነው። አንድ ተከላካይ፣ አንድ አማካይ። በልዋጩ ከእርስዎ ልጆች ሦስቱን ይፈልጋል።»

የትኞቹን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ግራኙ ከፊታችን ኳስ እያንቀረቀበ ነበር።

«ልጆቹ ተጠይቀዋል?» አልኩ።

«ልጅ ምኑ ይጠየቃል? ትልቅ ክለብ ሲጠራው እንቢ የሚል ልጅ የት አይተዋል? ደግሞ ከወረድን ተስፋ ቡድን የሚባል ነገርም የለም፤ አብሮ ነው የሚፈርሰው። እኔ በሥራዬ የማውቀውን ልንገርዎት፤ ያገለገለ ኦርጅናል ካልተፈተነ አዲስ ይሻላል።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ስናደድ ደግሞ እንተባተባለሁና ዝም አልኩ። በስብሰባ ይወሰናል ብለውኝ ሄዱ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ልጆቹ ጋ ደረሰ። በማግስቱ ግራኙ ታኬታውን እንዳንጠለጠለ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ጋሼ፣ እኔ አልሄድም አይደል? ዘንድሮ ዋናው ቡድን ትገባለህ ብለውኛል እኮ። እናቴም ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ ልታየኝ ነው።»

«እኔ እያለሁ ማንም አይነካህም» አልኩት። ቃል በቃል ይህንን ነው ያልኩት። እየሮጠ ወደ ሜዳው ሲመለስ ለጓደኛው «ጋሼ አሉ እኮ፣ ምን ያስፈራሃል!» ሲል ሰማሁት።

ቤቴ ገብቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩና አንድ ገጽ ወረቀት ጻፍኩ። ነባር ተጫዋች አያስፈልገንም አላልኩም፤ ያስፈልገናል፣ ይህን ዕውር እንኳ ያየዋል። ያልኩት አንድ ተከላካይ ይበቃናል፣ እሱንም በውሰት እናምጣው፣ ልጆቹ አጠገቡ እየተጫወቱ ይማሩ፣ ልጁና ወላጁ ሳይጠየቁ ደግሞ ለማንም መልቀቂያ አይጻፍ ነው። ባለቤቴ አነበበችው። «ጥሩ ነው» አለች፣ «ግን ቀና ብለህ ማንንም አትይ፣ እያየህ ከሆነ ትንተባተባለህ። ዝም ብለህ ከወረቀቱ አንብብ።»

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዕድሩ አዳራሽ ነበር። ከኋላችን የዕድሩ ድስቶችና ወንበሮች ተደራርበዋል። አጀንዳ አንድ የሜዳ ኪራይ፣ አጀንዳ ሁለት የማሊያ ጉዳይ፣ አጀንዳ ሦስት ልዩ ልዩ። የእኛ አገር ሰብሳቢ ዋናውን ነገር ልዩ ልዩ ውስጥ መደበቅ ያውቅበታል። ስለ ማሊያ ቀለም አንድ ሰዓት ከሩብ ተከራከርን። ክርክሩ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ርቦታል፣ ወገቡን አሞታል፣ ግማሹ ሰዓቱን እያየ ነው። ሊቀመንበሩ የጠበቁት ይህችን ሰዓት ነበር።

«ወደ ልዩ ልዩ ከመግባታችን በፊት እንግዶች አሉን» አሉ።

በሩ ተከፈተና ሁለት ሰዎች ገቡ። ኮትና ሱሪ ለብሰዋል። አንደኛው ተከላካዩ ነበር፤ ሠላሳዎቹን ያለፈ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ መሸሽ የጀመረ፣ ረጅም ሰው። እየዞሩ እያንዳንዳችንን ጨበጡን። ተከላካዩ እኔ ጋ ሲደርስ በሁለት እጁ ይዞኝ ጎንበስ አለ። «አሰልጣኝ፣ ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ» አለኝ። ከዚያ ከፊት ለፊታችን ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ፣ ልክ ሽማግሌ ፊት እንደቀረበ ሙሽራ።

«እንግዲህ» አሉ ሊቀመንበሩ ተነሥተው፣ «ቤተሰባችን ሊሆኑ የመጡትን ወንድሞቻችንን ሞቅ ባለ ጭብጨባ እንቀበላቸው!»

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ምን ላድርግ? እንግዳ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፣ አሁን በሁለት እጁ ጨብጦኛል፣ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ነው። እጁን አጣምሮ የሚቀመጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? አጨበጨብኩ። ለእንግዶቹ ነው ያጨበጨብኩት። ጭብጨባው ጋብ ሲል ሊቀመንበሩ ወደ ጸሐፊው ዞረው፣ «እንግዲህ የዝውውሩ ሐሳብ በሙሉ ድምፅ በጭብጨባ ጸድቋል፤ ይመዝገብልን» አሉ።

ተነሣሁ። «ሊቀመንበር፣ ው… ውይይቱስ?»

«አሰልጣኝ፣ አሁን አይደለም እንዴ እርስዎም ያጨበጨቡት? እንግዶቹ ፊት አያሳፍሩን እንጂ!» አሉ እየሳቁ። ሰው ሳቀ። ተከላካዩም ፈገግ አለ፣ ግን ግራ የገባው ፈገግታ ነበር፤ እኔን ያየኛል፣ ሊቀመንበሩን ያያል።

ወረቀቱ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ጣቶቼ ይዘውታል። ማውጣትና ማንበብ ብቻ ነበር የቀረኝ። ግን ባነብ ያ ሰው ፊቱ ላይ «አንፈልግህም» እንዳልኩት ነው የሚቆጠረው፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ተቀመጥኩ።

ይሉኝታን ጨዋነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ለስድስት ዓመት ያሳደግኩትን ልጅ፣ ለማላውቀው ሰው ፊት ብዬ ሸጥኩት። ይህ ጨዋነት ከሆነ ጨዋነት ይቅርብኝ። የአዳራሹ ሰው ሁሉ እንግዳ አላሳፈርንም ብሎ ደስ ብሎት ወደ ምሳው ሄደ፤ ሦስት ልጆች ግን በሌሉበት ተላልፈው ተሰጡ፣ አንድም ሰው አፍሮ ቀና ማለት አልተሳነውም። በሊቀመንበሩ ተናደድኩ፣ በጸሐፊው ተናደድኩ፣ በዚያ የማሊያ ቀለም ክርክር ተናደድኩ። ከሁሉ የበለጠ ያቃጠለኝ ግን ማጨብጨቡ ከብዶኝ እንዳልነበረ ማወቄ ነው። አጠገቤ ከተቀመጠው ሰው እኩል ነው ያጨበጨብኩት።

ለግራኙ እኔ አልነገርኩትም። በማግስቱ ጸሐፊው መልቀቂያውን ሰጡት። ልምምድ ላይ ስደርስ ሄዷል፤ የተስፋ ቡድኑን ማሊያ አጥቦ፣ አጣጥፎ፣ ከኳሶቹ ጆንያ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር።

አሁን መናገር የማልወደውን ልናገር። ክለባችን አልወረደም። ተከላካዩ በእውነት ጎበዝ ነበር። ጎል ሲቆጠርብን እጁን ወደ ታች ዝቅ አድርጎ «ቀስ፣ ቀስ» ይላል፤ የሚጯጯሁት ዝም ይላሉ። በመጨረሻው ጨዋታ አንድ ለባዶ እየመራን ሰማንያኛው ደቂቃ ሲደርስ ሰው ሁሉ ጥፍሩን ይበላል፣ እሱ ግን ልክ ሱቅ እንደሚሄድ ሰው ነው የሚራመደው። ጨዋታው ሲያልቅ ሊቀመንበሩ ከሩቅ «አላልኩዎትም?» ብለው ጮኹብኝ። ትክክል ነበሩ፤ ወይም ግማሽ ትክክል። ለግማሽ ትክክል ሰው መልስ መስጠት ምን ያህል አንጀት እንደሚያሳርር የደረሰበት ያውቀዋል።

ሰዉ እየጨፈረ ሳለ ተከላካዩ ላቡን እየጠረገ እኔ ወደ ቆምኩበት መጣ።

«አሰልጣኝ፣ ያን ቀን ሊናገሩ ተነሥተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላም ብለውኝ አያውቁም። ምን ነበር ሊሉ ያሰቡት?»

ወረቀቱ እዚያው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፤ አንብቦ ሲጨርስ ከላይ ጀምሮ ደገመው።

«በእኔ ልዋጭ ልጆች እንደተሰጡ አልነገሩኝም» አለ። «እኔም በአሥራ ሰባት ዓመቴ እንዲሁ ነው የተሰጠሁት፤ ሁለት ዓመት ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው ያደግኩት። ይህን ቢያነቡት ኖሮ ከዚያ ወንበር ተነሥቼ የምደግፍዎ እኔ ነበርኩ።»

ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰልኝ። እንዳላሳፍረው ብዬ አፌን የዘጋሁለት ሰው፣ ከዚያ አዳራሽ ሁሉ ከእኔ ጋር የሚቆመው እሱ ብቻ ነበር። ያን ቀን ከሜዳው እስከ ቤቴ በእግሬ ስሄድ ብቻዬን እየተሳደብኩ ነበር፤ መንገደኛው ዞር እያለ ያየኝ ነበር።

ከሦስቱ ልጆች አንዱ ዛሬም ይጫወታል፣ ይህን አልክድም። ሁለተኛው ክፍለ ሀገር ወዳለ ክለብ ተልኮ እዚያው ቀረ። ግራኙ በአዲሱ ክለብ አንድ ዓመት ተኩል ቆይቶ አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ ተለቀቀ። አብነት ተመልሶ ብየዳ ቤት መግባቱን ስሰማ በዚያ መንገድ ማለፍ አቆምኩ። ዳቦ ለመግዛት እንኳ ዞሬ ነው የምሄደው። ባለቤቴ «ዳቦው ቤት እስኪደርስ ይደርቃል» እያለች ትቀልድብኛለች።

እኔ ብሸሸው እሱ መጣ። የሕንጻችን የደረጃ ድጋፍ ተገንጥሎ ሕፃናት እንዳይወድቁ ተብሎ ኮሚቴው በያጅ ጠራ። ከታች ስወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተንበርክኮ ብረት ሲለካ አገኘሁት። ትከሻው ሰፍቷል፤ ጢም አውጥቷል።

«ጋሼ!» ብሎ ብድግ አለና ትከሻዬን ሳመኝ። እንዴት ነህ፣ እናትህ ደህና ናት ወይ ተባባልን። ደህና ናት፤ አሁንም ትሰፋለች። ከዚያ ብረቱን በጣቱ እየዳበሰ፣ ወደ እኔ ሳያይ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ስብሰባው ላይ ሁሉም አጨብጭቧል ይላሉ። እናቴ በጣም አልቅሳ ነበር። እኔ ግን ‹ጋሼ ብቻ አላጨበጨቡም፣ ቃል ገብተውልኛል› አልኳት። እስከዛሬም የምትመርቅዎት በዚያ ነው። አላጨበጨቡም አይደል?»

መዋሸት እችል ነበር። እሱም እንድዋሽለት የፈለገ ይመስለኛል።

«አጨብጭቤያለሁ» አልኩት።

ብረቱን መዳበሱን አቆመ። ተንበረከከ፣ የብየዳ ጭምብሉን ፊቱ ላይ አወረደ፣ መበየጃውን በግራ እጁ አነሣ።

«ዓይንዎን ያዙሩ ጋሼ» አለኝ ከጭምብሉ ውስጥ፣ «ይጎዳዎታል።»

ዞርኩ።