ሚዛን ላይ ያልወጣው ካፖርት

ጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚመዝነው ጀማለዲን ሴትዮዋን ገና ከበር ነቃባቸው። በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሹራብ ደራርበው፣ የወንድ ካፖርት እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ ላባቸው በአገጫቸው ይወርዳል።

«እናቴ፣ ካፖርቱን ያውልቁና ሚዛን ላይ ያድርጉት። ትርፍ ኪሎ ያስከፍላል።»

«ብርድ ብርድ ይለኛል ልጄ። ወላሂ፣ ወባ ነው።»

መክፈያ ቢኖራቸው እንዲህ ባልታፈኑ። የካፖርቱ እጅጌ ጣቶቻቸውን ውጦ ተንጠልጥሏል።

«ረጅም ነው ልጅዎ?» አላቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ረጅም ነው። በሸሚዝ ብቻ ነው የወሰዱት። የአዲስ አበባው እስር ቤት ይበርዳል አሉኝ።»

ጠመንጃ ያነገተው ፈታሽ፣ «ምንድነው የምትንሾካሾኩት?» እያለ ቀረበ።

«ወባ ይዟቸዋል፤ ይለፉ» አለ ጀማለዲን።

ሴትዮዋ ያን ጊዜ የእውነት ተንቀጠቀጡ።