የሽንኩርቷ አራት እሾሆች

አባቴን ልጠይቅ ወደ ቆቦ ስሄድ ሚኒባሱ ጎብዬ ላይ ጆንያ ሙሉ ሽንኩርት ጫነ። ሽታው ወደ ስምንተኛ ክፍል መለሰኝ።

የቤት ሥራችን የሚቴንን ሞለኪውል መሥራት ነበር፤ መሃል አንድ ካርቦን፣ ዙሪያውን አራት ሃይድሮጅን። ካርቦኔ ከማሳችን የነቀልኳት ትንሽ ሽንኩርት ነበረች። ሃይድሮጅኖቹን ከተነከረ ሽምብራ ሠርቼ በግራር እሾህ አያያዝኳቸው። መጽሐፉ ላይ እንደተሳለው፣ እንደ መደመር ምልክት ጠፍጣፋ አድርጌ ደጃፍ ላይ አስቀመጥኩት።

አባቴ ማሽላው ውስጥ የወፍ መጠበቂያ ማማ ሲያቆም ውሎ መጣ። እጁን እንኳ ሳይታጠብ ቁጢጥ ብሎ አየው።

«አንቺ፣ ይሄ ለምን ተኛ?»

«መጽሐፉ ላይ እንዲህ ነው፣ አባ።»

«አራቱ ይስማማሉ?»

«አይ፣ ይገፋፋሉ» አልኩት፤ መምህራችን እንደዚያ ብለው ነበር።

«ታዲያ ይራራቁ እንጂ! ቦታ ሞልቶ ምን አጨናነቃቸው?»

እሾሆቹን ነቃቅሎ ሦስቱን ወደ ታች አንፈራጦ፣ አንዱን ወደ ላይ ሰካ። ሽንኩርቷ እንደ ማማው ቀጥ ብላ ቆመች።

መግሪብ ሊሰግድ ሲገባ ግን መልሼ አጋደምኳት። ከአሥር አሥር አገኘሁ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሚቴንን እውነተኛ ቅርጽ ሳይ የአባቴ ሽንኩርት ነበረች። አፍሬ ሳልነግረው ዓመታት አለፉ።

እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ደወልኩለት።

«አባ፣ የዚያች ሽንኩርት ነገር፣ ልክ አንተ ነበርክ።»

«እሱማ ስትቆም አይተሻት የለ» አለ። ከዚያም ቀጠለ፦ «እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ፣ እንዲያ እየተገፋፉ ጥለው ያልሄዱት ምን ይዟቸው ነው?»

«እየመጣሁ ነው፣ ሽምብራ ነክረህ ጠብቀኝ» አልኩት።