የተሞላችው መንጋጋዬ

ሼኹ አገሩን በሚገዙበት ዘመን፣ አሶሳ ገና የሣር ቤት መንደር ሳለች፣ እኔ የቅል መለከት ነፊ ነበርኩ። የእኛ መለከት ብቻውን ዜማ የለውም። ረድፍ ሠርተን እንቆማለን፤ አንዱ ቅል ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ እያንዳንዳችን ተራችን ሲደርስ ያንኑ እንነፋለን፤ ዜማው የሚወጣው ከሁላችን ነው። የእኔ ወፍራሟ ድምፅ ነበረች። እሷ ከጎደለች ጭፈራው ያነክሳል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው።

ታዲያ የማሽላ አጨዳ ሲቃረብ መንጋጋዬ ተቦረቦረች። ለመንፋት አየር ስስብ ነፋሱ ቀዳዳዋ ውስጥ ገብቶ ናላዬን ያዞረዋል። አለቃችን ጥቂት ታገሰኝና «በበዓሉ ቀን ካልነፋህ መለከቱን ለሚስትህ ወንድም እሰጠዋለሁ» አለኝ። ለሚስቴ ወንድም! ያ ሰው ሲነፋ አህያ ያነጠሰች ነው የሚመስለው። እንቅልፍ አጣሁ።

ሚስቴ ሰም አሙቃ ጠቀጠቀችልኝ። ጥሩ ነበር፣ ትኩስ ገንፎ እስክጎርስ ድረስ። ሰሙ ከገንፎው ጋር ቁልቁል ወረደ። እሷ ሆዷን ይዛ ስትስቅ እኔ ኩርፊያዬን ይዤ ወጣሁ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ገበያ ላይ ከሱዳን የመጣ ነጋዴ አገኘሁ። ካርቱም ለጥርስ ሐኪም ሲላላክ ሙያውን ቀስሟል አሉ። የበሰበሰውን ፍቆ አወጣ፤ ያኔ ያልኩትን አልጽፍም። ከዚያ በጥጥ አደረቀና የብር ብናኝ ባዜቃ በሚሉት ፈሳሽ ብረት ለውሶ ሞላው።

«ምን ያህል ይቆያል?» አልኩት።

«እሱ በእኔም በአንተም እጅ ነው። ምራቁን ሳላደርቅ ወይም ብስባሹን ትቼ ሞልቼው ቢሆን ቶሎ ይወድቅ ነበር። ደግሞ ቀዳዳህ ትንሽ ስለሆነች አጥብቃ ትይዛለች። የቀረው የአንተ ድርሻ ነው። እስከ ነገ ምንም እንዳታኝክባት፣ ገና አልጠነከረችም። ከዚያም ወዲያ አጥንት አትቆርጥም፤ ጥርስህን በየቀኑ ፋቅ። ከጠበቅካት ኢንሻ አላህ አብራህ ታረጃለች።»

በዓሉ ላይ ፍየል ታርዷል። የሚስቴ ወንድም ቅልጥም ይዞልኝ መጣ። «ብላ እንጂ ወንድሜ፣ ጉልበት ይሆንሃል» ይለኛል እየሳቀ፤ ዓይኑ ግን ከመለከቴ አልተነቀለም። ተንኮለኛ! «ጠግቤያለሁ» አልኩት ምራቄን ውጬ። ሆዴ ሲጮህ ሁሉም ሰምቷል። ከዚያ ተሰለፍን። አየር ሳብኩ፤ አላመመኝም። ድምፄ በቦታዋ ገባች፤ ከደስታዬ ብዛት እስኪመሽ ነፋሁ።

ከዚያ ወዲህ ያችን ጥርስ እንደ ዕንቁላል ነው የያዝኳት። ለውዙንም ሥጋውንም በወዲያኛው በኩል ብቻ አኘክሁ። ይኸው ዛሬ ሳረጅ ያ ጎን በሥራ ብዛት አልቆ ድድ ብቻ ቀረ፤ የተሞላችው ብቻዋን ቆማለች። ሚስቴ «ለእንግዳ ነው ያስቀመጥካት?» ትለኛለች።

መለከቱን በመጨረሻ ያስጣለኝ ጥርሴ ሳይሆን ያጠረው ትንፋሼ ነው። ዘንድሮ በአጨዳው ደጄ ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩ። በእኔ ቦታ የቆመው የሚስቴ ወንድም ነው። አሁን ያበላሸዋል ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። ተራው ሲደርስ ወፍራሟ ድምፅ በቦታዋ ገባች። ለካ እኔም እንደ ድሮው አየር ስቤ ኖሯል። ጥርሴን ምንም አላመመኝም፤ እንባዬ ግን መጣ።