እጅ ያላወጣችው ዘይነባ

«መምህር፣ ቁጭ በል። እሷን ጥለን ወዴት ነው የምንሄደው?» አሉኝ ዛሬ ሐጂ ይማም፣ ወላጆች ሁሉ በተሰበሰቡበት።

ከጨፋ ሮቢት ወጣ ብሎ ያለውን ትምህርት ቤታችንን የሚያስተዳድሩት ወላጆች ራሳቸው ናቸው። ሐጂ ሰብሳቢያቸው ናቸው፤ እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ።

የዛሬው ጉዳይ ቀላል ነበር። በገበያ ቀን ልጆቹ ከብት ይዘው ስለሚሄዱ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ በገበያው ቀን ትምህርት ቤቱ ይዘጋና በምትኩ ቅዳሜ እንማር ተባለ።

ከአንዷ እናት ከዘይነባ በቀር ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም «በአብላጫ ድምፅ አልፏል» ብዬ ተነሳሁ። (የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ምን ላድርግ።)

ሐጂ ግን ቁጭ አድርገውኝ ወደ እሷ ዞሩ። «በይ ልጄ፣ ምንድን ነው?»

«ቅዳሜ የቦኖ ውሃ ተራችን ነው፣ ሐጂ። እኔ የታመመች እናቴን ትቼ አልወጣም፤ የምትቀዳው ልጄ ናት። ሌላው ሲማር እሷ ልትቀር ነው።»

ከኋላ ጎረቤቷ ፋጡማ፣ «የእኛ ተራ በገበያው ቀን ነው። የምቀዳውም እኔው ነኝ። እንለዋወጥ» አለች።

ዘይነባ «ቶሌ» ብላ እጇን አወጣች። ዱዓ ተደረገ፣ አሚን አልን። ምሳዬ እራት ሆነ እንጂ ደስ ብሎኛል።

ይሄ ትምህርት ቤት እንዴት ሊሳካለት ቻለ ለምትሉኝ፣ ከዛሬ ወዲህ መልሴ ይሄው ነው። ቅዳሜ ክፍሌ ውስጥ የዘይነባ ልጅ ትኖራለች። በእኔ ስሌት ቢሆን አትኖርም ነበር።

እናንተ ጋስ? እጁን ያላወጣውን ሰው ማን ይጠይቀዋል?