ሁለት ጣት የተከፈተ መስኮት

እሑድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር አባዬ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስበትን ቫን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ «በሉ ተነሱ፣ ድራይቭ ኢን እንሄዳለን» ያለን። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጥቅምት ነው፤ የምንኖርበት ሰፈር ሞንትቤሎ ብርዱ ገብቷል። መኪና ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳ በሚያክል ስክሪን ፊልም ማየትን የክፍሌ ልጆች ሁሉ ሲያወሩ እሰማ ነበር። ሰኞ ሰኞ መምህሯ እሑድን እንዴት እንዳሳለፍን ስትጠይቅ እኔ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ዓይን አፋር ነበርኩ፤ ደግሞም የምናገረው አልነበረኝም። ዛሬ ግን ፊልሙን እስከ መጨረሻው አያለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

እማዬ በፎጣ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦና በፔርሙዝ ሻይ ያዘች። ቫኑ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተ። አብረውን የሚኖሩት የእማዬ አክስት፣ እትዬ ዘውዴ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ከኋላ መስኮቱን ይዘው ተቀመጡ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ናቲ አጠገባቸው ተደረደርን።

ጀንበር ገብታ ፊልሙ ሲጀምር ድምፁ በመኪናችን ሬዲዮ መጣ። ከደስታዬ ብዛት በእጄ የያዝኩትን ዳቦ ረሳሁት። ብዙም ሳይቆይ ግን የአምስታችን ትንፋሽና የሻዩ እንፋሎት የፊቱን መስታወት ሸፈነው። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ብትጠርገው ተመልሶ ተሸፈነ። አባዬ ማሞቂያውን ሊከፍት ሞተር ሲያስነሳ የፊት መብራቱ አብሮ በራና ከፊታችን ያሉት መኪኖች ጥሩንባቸውን አቀለጡት። ቶሎ አጠፋው።

«መስኮት ትንሽ ቢከፈት ይለቅ ነበር» አለ ለራሱ የሚያወራ መስሎ።

«ማን ነው መስኮት ከፋቹ?» አሉ እትዬ። «ጦር የሳተውን ሰው ነፋስ አይስተውም።»

«ታዲያ ፊልሙን በጆሯችን እንየው?» አለ ናቲ።

«ዝም በል አንተ» አለችው እማዬ፣ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና።

እትዬን የሚቃወም ቤታችን ውስጥ አልነበረም። ከመስታወቱ ማዶ የሚንቀሳቀስ ቀለም ብቻ ይታየኛል። በየመኪናው ሰው ይስቃል። ነገም ዝም ልል ነው። «እትዬ» አልኩ፣ «ቦታ እንቀያየር። መስኮቱ ጋ እኔ ልቀመጥ፣ ነፋሱ እኔን ይምታኝ።»

እማዬ ከፊት ዞራ አየችኝ።

«ይቺ ልጅ አፍ አላት እንዴ?» አሉ እትዬ። ከዚያ ቦታቸውን ለቀቁልኝና ጋቢያቸውን አውልቀው እስከ አፍንጫዬ ጠቀለሉኝ። «ሁለት ጣት ብቻ። ካስነጠሰሽ ግን ዳግመኛ እዚህ ድርሽ አንልም።»

አባዬ መስኮቱን ሁለት ጣት ከፈተው፣ እማዬም መስታወቱን ለመጨረሻ ጊዜ ጠረገችው። ስክሪኑ ጥርት ብሎ ወጣ። እትዬ «ምን አለ? እሷስ ምን መለሰች?» እያሉ ሲጎነትሉኝ፣ ፊልሙን እስከ መጨረሻው በጆሯቸው በአማርኛ ተረክኩላቸው። ከሁላችንም በላይ የሳቁት እሳቸው ነበሩ።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የራሴን መኪና እነዳለሁ፤ አንድ ቁልፍ ስጫን መስታወቱ ይጠራል። ጓደኞቼ በብርድ ድራይቭ ኢን ሲሄዱ ምን እንያዝ ይሉኛል። ጋቢ፣ ሻይ፣ የመኪናውን ባትሪ እንዳትጨርሱ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ እላቸዋለሁ። መስኮቱን ደግሞ ሁለት ጣት ክፈቱ። ያኔ ለአንድ መስኮት አምስት ሰው ይመካከር ነበር። አሁን ብቻዬን እከፍታለሁ፣ ብቻዬን እዘጋለሁ።

ያን ጊዜ ግን፣ በፊልሙ ማግሥት ሰኞ ጠዋት፣ አፍንጫዬ ተዘግቶ ነቃሁ። ማስነጠሴ ሲመጣ ፊቴን ትራስ ውስጥ ቀበርኩ። ቁርስ ላይ እትዬ ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም፤ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ጥጉን እንደታጠፈ አከታትዬ አስነጠስኩ። ክፍል ገብተን መምህሯ «እሺ፣ እሑድን እንዴት አሳለፋችሁ?» ስትል፣ ከማንም ቀድሜ እጄን አወጣሁ።