የማስተር ዳሞዳር የመጨረሻ ፊልም

የመጀመሪያውን ቀን ሥራ የገባሁት በካልሲ ነው። የማስተር ዳሞዳር ልጅ ሚና በር ላይ ጫማዬን አስወለቀችኝና እጄ ላይ ሳኒታይዘር አፈሰሰች። «አባቴ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሁለት ሜትር ራቅ በልላቸው» አለችኝ።

ኪቦርዴን ተሸክሜ ከምኖርበት ሮዘተንቪል እስከ ህንዶቹ ሰፈር ሌኔዥያ ሁለት ታክሲ ቀይሬ ስለመጣሁ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ሶኬቱ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ነው። መሀል ምንጣፉ ላይ ሃርሞኒየም ተቀምጧል፤ በአንድ እጅ ወናፉን እየገፉ በሌላው ቁልፎቹን የሚጫወቱት ትንሽ ሣጥን። እግሬን አንስቼ ተሻገርኩት።

«ተመለስ» አሉኝ ማስተር። «መሣሪያ በእግር አይታለፍም። ዙረህ ና።»

ተመልሼ ዞርኩ። እሳቸው ሃርሞኒየሙን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን ወደ ግንባራቸው ወሰዱ፤ እኔም እንደ እሳቸው አደረግሁ። ከዚያ አጭር ዜማ ተጫወቱና ደግሜ እንዳሰማቸው አዘዙኝ። ጣቴ አልሳተም፤ ፍጥነቱ ግን እየጨመረ እየጨመረ ሄደ።

«ማን እያሳደደህ ነው?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። እኔ የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። እዚህ ጆሃንስበርግ አሥራ አንድ ዓመት የሐበሻ ሠርግ ላይ ሠርቻለሁ። የእኛ ሥራ ዓይንን ከጨፋሪው አለማንሳት ነው፤ ትከሻው ሲሞቅ ኪቦርዱም ይሞቃል። በፊልም ሥራ የሚታየው ሰዓት ነው። ትዕይንቱ አርባ ሁለት ሰከንድ ከሆነ ሙዚቃውም አርባ ሁለት ሰከንድ ነው፤ አርባ ሦስተኛዋ የአንተ አይደለችም። ማስተር ሁለት ሳምንት ሙሉ ምት ቆጣሪውን ጆሮዬ ላይ አሰሩብኝ።

እዚያ ቤት ያደረሰኝ ጓደኛዬ ከማል ነው። ከማል ጀፕ በሚባለው የሐበሻ ገበያ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጥ የስልጤ ልጅ ነው። የኮሮናው ሎክዳውን ሠርጉን ሁሉ ካስቀረ አራት ወር ሆኖኝ፣ ኪቦርዱን ልሸጠው ገዢ ሳፈላልግ ደወለልኝ።

«ሙሌ፣ ብርድ ልብስ የሚያመጣልኝ ህንዱ የለም? የሚስቱ አባት የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ናቸው አሉ። ኪቦርድና ኮምፒዩተር የሚችል ሰው ፈልገው አጥተዋል። ቶሎ ሂድ።»

«የሠርግ ተጫዋች ምን ያደርግላቸዋል?»

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ ወንድሜ! አንተም ቸግሮሃል፣ እሳቸውም ቸግሯቸዋል። ሻርፕ ነው፣ ትስማማላችሁ።»

ማስተር ታሪካቸውን የነገሩኝ በሻይ ሰዓት ቆራርጠው ነው። ሥራ የጀመሩት ከተጓዥ የቲያትር ቡድን ጋር ሃርሞኒየም በመጫወት ነው። ከዚያ ህንድ አገር ቼናይ በሚገኝ የፊልም ስቱዲዮ በቫዮሊኖቹ ረድፍ የመጨረሻዋን ወንበር አገኙ። ቀጥሎ ኖታ ገልባጭ፣ ቀጥሎ ዘጠኝ ዓመት የሙዚቃ ደራሲ ረዳት ሆኑ። ስማቸው ስክሪን ላይ ሲወጣ ፀጉራቸው ሸብቶ ነበር። በዚያ ዘመን አምሳ ሰው ባንድ ክፍል ተቀምጦ ነበር የሚቀዳው፤ አንዱ ቫዮሊን ከሳተ አርባ ዘጠኙም ከመጀመሪያው ይጀምራል። «ስለዚህ ማንም አይስትም ነበር» አሉኝ።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ሥራው ሳሳ። ሚስታቸው ሲሞቱ ልጃቸው ወደ ጆሃንስበርግ አመጣቻቸው። ብዙ ዓመት ማንም ሳይጠይቃቸው ከኖሩ በኋላ፣ በዚያ ክፉ ጊዜ አንድ ፕሮዲዩሰር ከቼናይ ደውሎ አንድ ፊልም ሰጣቸው። «የመጨረሻዬ ነው። ሳላበላሸው ጨርሼ ልቀመጥ» አሉኝ። ይህን የሰማሁ ቀን ኪቦርዱን መሸጤን ተውኩ።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። እሳቸው ዜማውን በሃርሞኒየም ያወጣሉ። እኔ ምቱንና ድምፁን ኮምፒዩተር ላይ አስይዛለሁ። ፋይሉ ቼናይ ይሄድና ቫዮሊን ተጫዋቹ መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ዋሽንት ነፊው ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይቀዳል፤ መልሰን እንገጣጥመዋለን።

ግጥም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ገጣሚው ዜማውን ሰምቶ ይጽፋል። እስከዚያ ረዳቱ ዜማውን በማንኛውም ቃል ዘፍኖ ይልካል፤ ጊዜያዊ ግጥም ነው። እንዲያው ላላላ ማለት አይበቃም፣ ቃሉ የት እንደሚሰበር መታወቅ አለበት። እኔም አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነውና በአማርኛ እዘፍን ነበር። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች ከማል ኦሬንጅ ፋርም ላሉት ስፓዛዎች፣ ለሰፈር ሱቆቹ፣ የሚጭነውን ዕቃ ደረደርኩ፤ ሻማ፣ ሳሙና፣ ድርብ ብርድ ልብስ። ትርጉሙን ስነግራቸው ማስተር በሳቅ ሞቱ። የፋይሉ ስም ላይ «ጊዜያዊ» ብዬ ጽፌ እልካለሁ። ይህን ማድረግ የረዳቱ ግዴታ ነው።

አንድ ማለዳ፣ ሰዓት እላፊው እንደተነሳ፣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ከማልና ሁለት የአገሬ የደሴ ሽማግሌዎች ማስክ አድርገው ተራርቀው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ይዞ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማንም ሐበሻ ያውቃል። እናቴ እታፈራሁ በኩላሊት ሕመም አርፋ፣ ተቀብራለች። አውሮፕላን የለም። ድንኳን የለም። ሽማግሌዎቹ እንኳ አቅፈው ሊያስለቅሱኝ አልቻሉም፤ በሩን ይዘው አልቅሰው ሄዱ። ከማል ብቻ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋለ።

በአምስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ለማስተር ቤት ምንም አልተናገርኩም። ሞት ካልኩ ሚና በምን ሞቱ፣ ከማን ጋር ተቀምጠህ አለቀስክ ብላ ትጠይቃለች፣ በሩም ይዘጋብኛል ብዬ ፈራሁ። ሥራው ከሄደ የቀረኝ ነገር አልነበረም።

ያን ቀን ማስተር የፊልሙን ዋና ዘፈን አወጡ። አንዲት ሴት ወንዝ ዳር ጀልባ ትጠብቃለች፤ የምትጠብቀው ሰው አይመጣም። ዜማው የእኛ አምባሰል ነው፣ ድምፆቹ አንድ በአንድ ይገጥማሉ። «በንጋት የሚዘፈን ራጋ ነው» አሉኝ፤ ራጋ የእነሱ ቅኝት ነው። እኛ ዘንድ በንጋት ምን እንደሚመጣ አልነገርኳቸውም።

«በል ዝፈነው» አሉ። ሻማና ሳሙና ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሙሾ ነበር።

መንገዱ ተዘጋ፣ ሰማዩም ተዘጋ፤
አልደረስኩልሽም ከተኛሽበት አልጋ።

አዝማቹ ላይ ስሟን ደጋግሜ ጠራሁ፤ እታፈራሁ፣ እታፈራሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእኔ እንባ ማስኩን አረጠበው። ማስተር ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ምን እያልክ ነው?»

«ብርድ ልብስ ነው፣ ማስተር» አልኩ።

ፋይሉን ላክሁ። ስሙ ላይ «ጊዜያዊ» የሚለውን ሳልጽፍ።

ከላክሁ በዘጠነኛው ቀን ፕሮዲዩሰሩ ደወለ። ማስተር ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፈቱት። ዘፋኟ የተከበሩ አሮጊት ናቸው። ፊልሙ የሆነ የጎሣ ቋንቋ የፈለገ መስሏቸው፣ ያልኩትን ሁሉ ፊደል በፊደል አጥንተው፣ በስንት ፈቃድ ስቱዲዮ ሄደው ዘፍነውታል። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ከተማቸው እንደገና ተዘጋ፤ ስቱዲዮውም ተዘጋ።

«የማን ቋንቋ ነው? ምን ይላል? ስድብ ቢሆንስ? ይህን ዘፈን ካላስተካከላችሁ ፊልሙን ለሌላ ደራሲ እሰጣለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ማስተር «ቆይ» ብለውት ዞረው አዩኝ። ያንን የመጨረሻ ሥራቸውን በእጄ አበላሸሁት። ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። መስመር በመስመር አስተረጎሙኝ። ስሟ ላይ ስንደርስ «ይህስ?» አሉ።

«እናቴ ናት።»

ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «ግጥሙ ይለወጣል። ስሙ ግን ይቆያል። ካልተስማማህ ዜማውን ሌላ ሰው ይሥራልህ» ብለው ዘጉት። የሰባ ስድስት ዓመት ሰው የመጨረሻ ሥራቸውን ለማያውቋት ሴት ስም አስይዘው ዘጉት።

እኔንም ተቆጡኝ። «ሁለት ወር አብረን ሻይ ጠጥተን ይህን ትደብቀኛለህ?» አሉ። ሚናን ጠሩ። እሷም ከሥራዋ ተነስታ መጣችና ሁለት ሜትሩን ጠብቃ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ማስተር «ዛሬ ሥራ የለም» አሉ። ፕሮዲዩሰሩ የላከውን የዘፋኟን ቅጂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከፈቱት።

ቼናይ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት፣ እናቴን አይተዋት የማያውቁ፣ በተሰባበረ አማርኛ ሙሾ አወረዱላት። «እታፈራሁ» ሲሉ ድምፃቸው ሰለለ። አለቀስኩ። ሚናም አለቀሰች። ማስተር በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ምቱን ይቆጥሩ ነበር፤ እንባቸው ይወርዳል፣ ምቱን ግን አልለቀቁም። የእናቴ ለቅሶ የተደረገው በዚያ ቤት ነው። እግዜር ይስጣቸው።

ፕሮዲዩሰሩ በአራተኛው ቀን እሺ አለ። ገጣሚው ስንኞቹን በራሳቸው ቋንቋ ጻፈ፤ ዘፋኟም ቤታቸው ሆነው በስልክ ቀድተው ላኩ። አዝማቹ እንዳለ ቀረ። ሲኒማ ቤት ዝግ ስለነበር ፊልሙ በኢንተርኔት ወጣ፤ ከማል ሱቁ ውስጥ በስልኩ ደጋግሞ ከፍቶ ላላየው ሁሉ አሳየ። ማስተር እንዳሉት ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አልያዙም። እኔም ሠርግ ሲከፈት ወደ ሠርግ ሥራዬ ተመለስኩ።

ረዳት ሆናችሁ ለምትጀምሩ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ጊዜያዊ ድምፅ ስትልኩ ፋይሉ ላይ «ጊዜያዊ» ብላችሁ ጻፉበት። ካልጻፋችሁ የሰው ሥራ ታበላሻላችሁ፣ ሽማግሌ ከፕሮዲዩሰር ታጣላላችሁ። እኔ አንድ ጊዜ ረስቻለሁ፤ በዚያ ምክንያት እናቴ ያለ ለቅሶ አልቀረችም።