ከእጅጌ በላይ የታሰረ ሰዓት

ጂቱ ቡራዩ ገበያ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ ከንግግሯ ሳቋ የሚቀድም ሴት ናት። ባለፈው ጥቅምት ለሌንጮ ታጨች። ሌንጮ የሱሉልታ ልጅ ነው፤ ከእናቱ ከአዴ ሶያማ ጋር ላም ያረባል፣ ወተት ለአዲስ አበባ ያቀርባል።

በእነ ሌንጮ ቤት ለእጮኛ የሚደረግላት ቀለበት ሳይሆን ሰዓት ነው። አዴ ሶያማ ሽማግሌዎች ፊት በጂቱ ግራ እጅ ላይ ወርቃማ የብረት ሰዓት አሰሩላት። እስከ ሰርጉ ቀን አይወልቅም። ያወለቀች ልጅ ሐሳቧን ቀየረች ትባላለች፤ ለምን ብሎ የሚጠይቃት የለም፣ ዘመድ በየቤቱ ይፈርድባታል።

ብዙም ሳይቆይ እጇን ያሳክካት ጀመር። ከዚያ ቀላ፣ ሽፍ አለ፣ በመጨረሻም ከሰዓቱ ሥር ውሃ ቋጠረ። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ ሰዓቱን ገልብጣ ተመለከተችው።

«ብዙ ጊዜ ኒኬል የሚባለው ብረት ነው እንዲህ የሚያደርገው። ቆዳሽ አልወደደውም። አውልቂው፣ ይህን ቅባት ተቀቢ፣ ይድናል።»

«ማውለቅ አልችልም።»

«ቁልፉ ተበላሸ እንዴ?»

«ታጭቻለሁ።»

ነርሷ ለዚህ የሚሆን መድኃኒት አልነበራትም።

ጎኗ ባለው ሱቅ ጸጉር የምትሠራው ራህመት የሰዓቱን ጀርባ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀባችላት። ለጥቂት ቀን ሰላም ሆነ። ከዚያ ቀለሙ ተላጠና ማሳከኩ ተመለሰ።

«ለሌንጮ ንገሪው በቃ!» አለች ራህመት።

«ለእሱ ነገርኩት ማለት ለእናቱ ነገርኩ ማለት ነው። የዚያ ልጅ ሆድ ውስጥ ወሬ አያድርም።»

ስለዚህ ጂቱ ጠባብ እጅጌው እስከ መዳፏ የሚደርስ ቀሚስ ሰፋችና ሰዓቱን ከጨርቁ በላይ አሰረችው። እሑድ ሱሉልታ ለምሳ ስትጠራም ያንኑ ለብሳ ሄደች።

«አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ! እንዴት ነሽ፣ ልጄ!» አሉ አዴ ሶያማ በር ላይ እየሳሟት። ሰዓቱን ሲያዩ ሳቁ። «ይህ ደግሞ የቡራዩ ፋሽን ነው?»

«ለሰው እንዲታይልኝ ብዬ ነው፣ አዴ።»

መልሷን ወደዱላት። ምሳው ቀረበና የእጅ ውሃ መጣ። ይህን ጂቱ አላሰበችበትም። ጣቶቿን ብቻ ዘረጋች። የምታስታጥበው የሌንጮ አክስት ኡርጂ ነበረች።

«እጅጌሽን ሰብስቢ እንጂ፣ ይረጥብብሻል!» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ሰዓቱን ፈትታ እጅጌውን ጠቀለለችው።

ቀልቶ ውሃ የቋጠረው እጇ ገሃድ ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ? ይተላለፋል?» ኡርጂ ማንቆርቆሪያውን አሸሸች።

«አይተላለፍም። የሰዓቱ ብረት አልተስማማኝም።»

«የቤታችን ስጦታ አልተስማማትም! እኔ እንግዲህ ምልክት ሲመጣ ይገባኛል» አለች ኡርጂ።

ሌንጮ ሊናገር ሲል እናቱ ቀደሙት። የጂቱን እጅ ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።

«ይህን ያህል ጊዜ እንዲህ እያደረገሽ አስረሽው ትሄጃለሽ?»

«ካወለቅሁት ሐሳቧን ቀየረች ትላላችሁ ብዬ ነው።»

«እንላለን እንጂ» አሉ አዴ ሶያማ ሳያፍሩ። ወደ ኡርጂ ዞሩ። «ገመድ የላምሽን አንገት ሲያቆስል ምን ታደርጊያለሽ?»

«ገመዱን እቀይራለሁ።»

«ላሟንስ ትሸጫለሽ?»



«ከላም ጋር አወዳደሩኝ፣ አዴ?» አለች ጂቱ፤ እንባና ሳቅ ተደባልቆባት።

«የእኔን ላሞች ስላላየሻቸው ነው የከፋሽ።»

ሰዓቱን አንስተው መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

«ሽማግሌዎቹን እኔ አናግራቸዋለሁ። የምታስሪውን ከጨርቅም ቢሆን አንቺው ሰፍተሽ አምጪ፣ እኔ አስርልሻለሁ። ኡርጂ፣ ውሃው ሳይቀዘቅዝ አስታጥቢያት!»

ኡርጂ ቀረብ አለችና ቁስሉን እንዳይነካው እየተጠነቀቀች ውሃውን አፈሰሰችላት።